በሪሞት አልነሳ ያለ ማኑዋል መኪና፦ የሪሌ ሽቦ አፈታተሽ ደረጃ በደረጃ

የደብረ ማርቆስ ጠዋት ሞተር ይፈትናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እንጅባራ ደግሞ ብርዷ ይብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ ናፍጣ መኪና ያለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሞተሩን አስነስቶ ቢያሞቅ ደስ ይለዋል። ሪሞት ማስነሻ የሚያስገጥመውም ለዚህ ነው።

ችግሩ እኛ የምንነዳው መኪና ብዙው ማኑዋል ነው። ገበያ ላይ ያለው ሪሞት ማስነሻ ደግሞ ብዙው አውቶማቲክን አስቦ የተሠራ ነው። ማኑዋል ላይ ሲገጠም ተጨማሪ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) እና ተጨማሪ ሽቦ ይገባል። ብልሽቱም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው።

አልነሳ ሲል የተለመደው ነገር ሪሌውን ነቅሎ አዲስ መሰካት ነው። ያ ካልሠራ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ በዳይሬክት ማስነሳት ይመጣል። የመጀመሪያው ብር ያባክናል። ሁለተኛው ሰው ይገድላል። ሪሌ ሁለት ግማሽ አለው፣ የማዘዣው ወገንና ዋናው ኃይል የሚያልፍበት ወገን፤ የትኛው ግማሽ ዝም እንዳለ ሳታውቁ ምንም አትቀይሩ። ደግሞም ማኑዋል መኪና በሪሞት አልነሳም ስትል፣ እምቢ ማለቷ ልክ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ከመንካታችሁ በፊት

እኛ ጋ መኪና የሚቆመው ማርሽ ገብቶ ነው። የእጅ ፍሬኑ ብዙም ስለማይታመን ማርሽ እናስገባለን፣ ጎማ ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። ዳገት ላይ ጥሩ ልማድ ነው። ለሪሞት ማስነሻ ግን ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲዞር ወደፊት ትዘላለች። ሞተሩ ከያዘላት ሹፌር የሌለባት መኪና ትሄዳለች። ኮፈን ከፍቶ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ማምለጫ የለውም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ሜዳ ቦታ፣ ውጭ አየር ላይ አቁሙ። ማርሹን ዜሮ አድርጉና ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ።
2. የእጅ ፍሬኑን ጎትቱ። ከጎማው ፊትም ኋላም ድንጋይ አድርጉ።
3. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ከዚያ ሞተሪኖው ላይ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉና ጫፏን በፕላስተር ጠቅልሉ። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣውን ወፍራሙን አትንኩት።
4. የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሳችሁ እሰሩ።

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ቀጭኗ ሽቦ ስትነቀል ሞተሪኖው አይዞርም፤ ሪሌዎቹ ግን ሁሉም ሥራቸውን ይሠራሉ። መኪናዋ ሳትነቃነቅ የማስነሻው ትእዛዝ እዚያች ሽቦ ጫፍ ድረስ መድረስ አለመድረሱን መለካት ትችላላችሁ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ዲጂታል ቴስተር፣ እንደሚሠራ የምታውቁት አንድ ሪሌ፣ 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ማገናኛ ሽቦ፣ ከዚያ የመፈተሻ አምፖል። አምፖሉን ከ21 ዋት የፍሬቻ አምፖልና ከሁለት ሽቦ ራሳችሁ ሥሩት። ብቻ አምፖሉን የኮምፒውተር ሽቦ ላይና ቢጫ ልባስ ያለው የኤርባግ ሽቦ ላይ አታስጠጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አይሱዙ የጭነት መኪና ከሆነ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ለ12 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ሪሌ 24 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ የሪሞቱን ትእዛዝ ተቀብሎ ሪሌዎቹን የሚያዘው የማስነሻው ሳጥንም እንዲሁ።

ሪሌውን ብቻውን ፈትሹት

ሪሌ ማለት ትንሽ ልጅ ጥማድ በሬ እንደሚነዳው ነው። በትንሽ ኃይል ትልቁን ያዛል። 85 እና 86 የተባሉት እግሮች የማዘዣው ጠምዛዛ ሽቦ ጫፎች ናቸው። 30 ዋናው መግቢያ ነው። ሪሌው ትእዛዝ ሳይደርሰው 30 የሚገናኘው ከ87ኤ ጋር ነው። ሲታዘዝ ቀጭ ይልና 30 ከ87 ጋር ይገናኛል። አራት እግር ብቻ ያለው ሪሌ 87ኤ የለውም።

ነቅላችሁ 85ን ከ86 ጋር በኦም ለኩ። ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ዜሮ ከሆነ ተቃጥሎ ተገናኝቷል። ቀጥሎ ከባትሪ 12 ቮልት ስጡት። ቀጭ ማለቱ ግን አይበቃም። የመፈተሻ አምፖሉን በ30 እና በ87 በኩል አድርጋችሁ አብሩ። ደምቆ ከበራ ሪሌው ደህና ነው። ከደበዘዘ የውስጥ መገናኛው ጠቁሯል፤ ጣሉት። ቴስተር ይህን አያሳያችሁም፤ ጭነት ሳይኖር ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል።

ሪሌው ይህን ካለፈ መልሳችሁ ሰኩትና ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጡት። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የሽቦ ነው።

ቀጭ አይልም፦ የማዘዣው ወገን

ሪሌው ላይ ጣታችሁን አድርጉና አንድ ሰው ሪሞቱን ይጫን። ድምፅም ንዝረትም ከሌለ ችግሩ ያለው በ85 እና በ86 በኩል ነው።

በተለመደው አገጣጠም 86 በፊውዝ በኩል 12 ቮልት ይደርሰዋል። 85 ደግሞ ከሳጥኑ በሚወጣ ኔጌቲቭ ትእዛዝ ይሠራል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን 86 ላይ አድርጉ። 12 ቮልት ገደማ ካላነበበ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ።

85 ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሪሌው ተሰክቶ እያለ፣ ትእዛዝ ሳይመጣ 85 ላይ ብትለኩ 12 ቮልት ታያላችሁ። ያ ኃይል ከ86 በጠምዛዛው ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ሪሞቱ ሲጫን ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ስለዚህ 12 ስታዩ "ትእዛዙ ደረሰ" አትበሉ፤ ተቃራኒው ነው። ግራ እንዳይገባችሁ ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን 85 ላይ አድርጋችሁ ለኩ። በዚህ አለካክ ትእዛዝ ከሌለ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ ትእዛዝ ሲደርስ 12 ገደማ ያነባል።

ትእዛዙ እየደረሰ፣ 86ም 12 ቮልት እያለው ቀጭ ካላለ፣ ሪሌው የሚሰካበትን ሶኬት ተመልከቱ። የላላች ወይም ወደ ኋላ የሸሸች ቆርቆሮ ትኖራለች።

ትእዛዙ ደካማ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜም አለ። አንድ ሪሌ ሲሠራ 0.15 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። የብዙ ሳጥኖች ትንሿ ኔጌቲቭ መውጫ የምትችለው ደግሞ ከ200 እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ከእሷ ላይ ሦስት ሪሌና ክላክስ ከተንጠለጠለ ሳጥኑ ይደክማል፣ ኋላም ይቃጠላል። ለሳጥኑ ጤና 85 እና 86 መካከል 1ኤን4007 ዳዮድ ማስገባት ጥሩ ነው። ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ ይሁን። ከተገለበጠ ግን ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ሾርት ይሆናል፤ ሳጥኑንም ያቃጥላል።

የሳጥኑን ማሳም (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቭ) ለኩ። ቀዩን ጫፍ ሳጥኑ ማሳ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጋችሁ ሪሞቱን አስጫኑ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው መጥፎ ነው። ብሎኑን ፍቱ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ከዳሽቦርድ ጀርባ ያገኙትን የመጀመሪያ ብሎን ማሳ የሚያደርጉ ገጣሚዎች አሉ። ብሎኑ ፕላስቲክ ይዞ የቆመ ከሆነ ማሳ አይደለም።

ሳጥኑ ራሱ እምቢ ሲል

85 ላይ ትእዛዝ ጭራሽ ካልመጣ ወደ ሪሌው አትመለሱ። ሳጥኑ "አላስነሳም" እያለ ነው። ማኑዋል መኪና ላይ በብዛት የሚገጥመው ይህ ነው።

ለማኑዋል የተሠራ ሳጥን መኪናዋ ዜሮ ማርሽ ላይ መሆኗን በቀጥታ አያይም። የሚያምነው በአወጣጣችሁ ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ይሠራሉ፦ ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ዜሮ ታደርጋላችሁ፣ የእጅ ፍሬን ትጎትታላችሁ፣ ሪሞቱን ትጫናላችሁ፣ ቁልፉን ትነቅላላችሁ። ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ወጥታችሁ በር ስትዘጉና ስትቆልፉ ሞተሩ ይጠፋል። ሰው ሳይገባ እስካለች ድረስ ማርሹ ዜሮ ነው ብሎ ሳጥኑ ያምናል። በር አንዴ ከተከፈተ እምነቱ ይፈርሳል፤ በሪሞት አያስነሳም። የአጫጫኑ ዝርዝር ከሳጥን ሳጥን ስለሚለያይ አብሮ የመጣውን መመሪያ እዩ። እንዲህ ያለ የማኑዋል አሠራር የሌለውን ሳጥን ማኑዋል መኪና ላይ በፍጹም አትግጠሙ፤ ርካሽ ቢሆንም፣ ጓደኛችሁ ቢገጥመውም።

ስለዚህ ማታ ከቆለፋችሁ በኋላ አንድ ሰው የረሳውን ዕቃ ሊያወጣ በር ከፍቶ ከሆነ፣ ጠዋት አልነሳም ማለቷ ብልሽት አይደለም።

ይህ ካልሆነ ሦስት ሽቦ ፈትሹ።

የበሩን ማብሪያ በውስጥ መብራቱ እወቁት። በር ተዘግቶም መብራቱ ካልጠፋ፣ ሳጥኑ በሩ ክፍት ነው ብሎ ያስባል። በተቃራኒው በር ሲከፈት መብራቱ የማይበራ ከሆነ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ልጅ ገብቶ ማርሽ ቢያስገባ ሳጥኑ አያውቅም። መጀመሪያ አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ እንዳይሆን እዩ፣ ከዚያ ማብሪያውን ቀይሩ። አራቱም በር አንድ በአንድ ይፈተሽ።

የኮፈኑ ማብሪያ ክረምት ላይ ያስቸግራል። ከሞጣና ከቢቸና መንገድ የሚመጣ ጭቃ ገብቶበት ይዝግና እንደተጫነ ወይም እንደተለቀቀ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ኮፈን ሲከፈት ማሳ ይሰጣል። ሽቦውን ከማብሪያው ስትነቅሉት ሳጥኑ ከታዘዘ ጥፋተኛው ማብሪያው ነው። አጽዱት ወይም ቀይሩት። ነቅላችሁ መተው ግን መካኒክ ጎንበስ ብሎ ሳለ ሞተር እንዲነሳበት መፍቀድ ነው።

የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ግን በጣም ያሳስባል። ማንሻው ሲነሳ ማብሪያው ማሳ ይሰጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። በብዙ መኪና ያው ቀይ መብራት የፍሬን ዘይት ሲያንስም ይበራል። ሳጥኑ ሽቦውን የወሰደው ከዚያ መብራት ከሆነ፣ የፍሬን ዘይት ሲቀንስ "የእጅ ፍሬን ተይዟል" ብሎ ይታለላል። ፍተሻው ቀላል ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አለና አትፍሩ። ከዚያ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን የደረጃ መለኪያ ሶኬት ንቀሉና ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ሳጥኑ የሚያነባት ሽቦ ማሳ ካገኘች ተሳስታ ተቀጥላለች። መፍትሔው ከማንሻው ሥር ለሳጥኑ ብቻ የሚሆን ሌላ ትንሽ ማብሪያ መግጠም ነው።

ማብሪያው የሚያውቀው ደግሞ ማንሻው መነሳቱን ብቻ ነው። ካቦው መያዙን አያውቅም። የእጅ ፍሬኑ የማይይዝ መኪና ላይ ሪሞት ማስነሻ ሊኖር አይገባም። መጀመሪያ ፍሬኑ ይሠራ።

ቀጭ ይላል፣ ሞተሪኖው ግን ዝም

አሁን ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነን፤ 30 እና 87። አምፖሉን በ30 እና በማሳ መካከል አድርጉ። ደምቆ መብራት አለበት። እዚህ ቴስተር አትመኑ። ሃያ ክር ካላት ሽቦ አንዷ ክር ብቻ ብትቀር ቴስተር 12 ቮልት ያነባል፤ አምፖል ግን ይደበዝዛል። ቀጥሎ አምፖሉን ከሞተሪኖው በነቀላችኋት ቀጭን ሽቦ ጫፍና በማሳ መካከል አድርጋችሁ ሪሞቱን አስጫኑ። እዚህ ካልበራ፣ 87 ላይ ግን ከበራ፣ መሃል ላይ የተቀጠለ ሽቦ ለቋል። በእጅ ተጠምዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነው። ቆርጣችሁ በሊድ በይዱት ወይም በማገናኛ ቆርቆሮ ጨምቁት።

ለዋናው መግቢያና ለማስነሻው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊሜትር ተጠቀሙ። የሬዲዮ ሽቦ አይችለውም፤ ይግላል። ጤፍና ገለባ በሚቀመጥበት ግቢ የምታድር መኪና ከሆነች ሽቦውን አይጥ በልቶት እንደሆነም ከዳሽቦርድ ሥር በባትሪ ብርሃን እዩ።

ፍሪሲዮን ካልተረገጠ በቁልፍም የማይነሱ መኪኖች አሉ። የማስነሻው መስመር በፍሪሲዮኑ ማብሪያ በኩል ስለሚያልፍ ነው። በእነዚህ ላይ ሌላ ሪሌ ይገባል። 30 እና 87 የማብሪያውን ሁለት ሽቦዎች ያገናኛሉ፣ ማዘዣው ደግሞ ሳጥኑ ሲያስነሳ ብቻ ይሠራል። ፍተሻው፦ በሪሞት እምቢ ያለችውን መኪና ሌላ ሰው ፍሪሲዮን ረግጦላት ሪሞቱን ጫኑ። አሁን ትእዛዙ ሞተሪኖው ጫፍ ከደረሰ ችግሩ እዚህ ሪሌ ላይ ነው። ሁለቱን ሽቦ ለዘለዓለሙ ጠምዝዞ ማገናኘት የተለመደ አቋራጭ ነው። አታድርጉት፣ ተደርጎ ካገኛችሁም አስፈቱት። ከዚያ በኋላ ልጅ ቁልፍ ቢያዞር መኪናዋ ትዘላለች።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ሪሌ በብዛት የባትሪ ጉዳይ ነው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያነባል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፎቹ ዝገዋል። የብርድ ጠዋት ይህን ያጋልጣል።

ሲሞቅ ብቻ እምቢ የሚል ሪሌም አለ። ከአባይ በረሃ ሽቅብ ወጥታችሁ ደጀን ላይ አጥፍታችሁ ስትመለሱ ዝም ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ይሠራል። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፣ ጠምዛዛው የሚያገኘው አምፔር ይቀንሳል። ሪሌው ከሞተሩ አጠገብ ከታሰረ ወደ ጓዳው ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር አዛውሩት።

ይዞራል ግን አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ይጠፋል

ይህን ለማየት የሞተሪኖውን ሽቦ መልሱ፤ ባትሪው መጀመሪያ ይፈታ። ማርሹን፣ የእጅ ፍሬኑንና ድንጋዩን እንደገና አረጋግጡ።

ቶዮታ ላይ የቁልፉ ሽቦዎች ስም አላቸው። ኤኤም1 እና ኤኤም2 ሁልጊዜ ኃይል አላቸው፤ አይጂ1 እና አይጂ2 ቁልፍ ሲከፈት ይበራሉ። ኤሲሲ ለሬዲዮና ለመሰሉት ነው፣ ኤስቲ ለማስነሻ። ገጣሚው አይጂ1ን አገናኝቶ አይጂ2ን ከተወው ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። በቁልፍ ስታስነሱ ኃይል ያላቸውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ለኩ፤ በሪሞት ሲሆንም እነዚያው ሁሉ ኃይል ሊኖራቸው ይገባል። ሁሉም ካላቸውና አሁንም ካልተነሳ ቁልፉ ቺፕ እንዳለው ጠይቁ። ቺፑን የምታነብ መኪና ያለ ማለፊያ ዕቃ በሪሞት አትነሳም፤ ሪሌ ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም።

ናፍጣ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ሳጥኑ መጠበቅ አለበት። ያ ሽቦ ካልተገናኘ በብርድ ያለ ማሞቅ ያዞራል።

ተነስቶ ከሰከንዶች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሳጥኑ ሞተሩ መነሳቱን አላወቀም። የሞተር ዙር የሚያነባት ሽቦ ትፈተሽ። አሮጌ ናፍጣ ላይ ዲናሞው ላይ ካለችው የደብሊው ጫፍ ይወሰዳል። በቮልት የሚያውቅ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ መኖሩን ለኩ። ካልሆነ ዲናሞው ነው።

ሞተሪኖው አላቆም ሲል

ሞተሩ ተነስቶም ሞተሪኖው የሚጮኽ ከሆነ ወዲያው የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የሪሌው መገናኛ ተጣብቋል፤ ርካሽ ሪሌ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይህ ይደርስበታል። ነቅላችሁ 30 እና 87ን ለኩ። ያለ ትእዛዝ ከተገናኙ ጣሉት፣ ባለ 40 አምፔር ግዙ።

ባትሪ እንደታሰረ ማንም ሳይነካ መዞር ከጀመረ ደግሞ የሞተሪኖው ሽቦ በ87 ፈንታ 87ኤ ላይ ገብቷል። በሪሞት እየተነሳች በቁልፍ እምቢ ካለችም ስሕተቱ ያው ነው፤ ቁልፉን ከሞተሪኖው የሚለየው ሪሌ ላይ 87 እና 87ኤ ተቀያይረዋል።

ከማስረከባችሁ በፊት

ሁሉም ከሠራ በኋላ መኪናዋ እምቢ የምትልበትን ፈትኑ። ማርሹ ዜሮ፣ ድንጋዩ በቦታው ይሁን። የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ሪሞቱን ጫኑ፤ መነሳት የለባትም። እንደገና አዘጋጅታችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ አንድ በር ከፍታችሁ ዝጉና ጫኑ፤ መነሳት የለባትም። ይህን በአራቱም በር ድገሙት። ኮፈን ከፍታችሁ፣ ከፊቷ ዞር ብላችሁ ጫኑ፤ መነሳት የለባትም። ከእነዚህ በአንዱ ከተነሳች ያ ሽቦ እስኪስተካከል የሳጥኑን ፊውዝ አውጡና ለባለቤቱ በእጁ ስጡት። መኪናዋ በቁልፍ ትነዳለች።

ለባለቤቱ ሌላም ንገሩት። ማታ ስትቆም ከመኝታ ቤት መስኮት ትራቅ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም በሪሞት አትነሳ። የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም። ዳገት ላይ ማርሽ አስገብቶ ማቆም የግድ በሆነበት ቀን ደግሞ ሪሞቱ ቤት ይቆይ።